ተመርጬ ነው

አጎቴ ዋልተር ኢምሪ ከሳንባው በቀር ሁሉ ነገሩ የደረቀ ሰው ነበር። ዕድሜውን ለንግሥቲቱ ሲዘምት ጨርሶ ወደ ስካርነስ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ሳጥን፣ አንድ ለጀግንነት የተሸለመው የነሐስ መስቀልና ሳል ነው። ሳጥኑን እኔ አልጋ ሥር አስገባሁለት። መስቀሉን የት እንዳስቀመጠው አልነገረኝም። ሳሉን ግን የሚደብቅበት ቦታ አልነበረውም፤ ጎረቤት ሁሉ የሚነቃው በሱ ነበር።

ወላጆቼ ሲሞቱ የተዉልኝ ቤት ከባሕሩ ጋር ግድግዳ ይጋራል ቢባል ይቀላል። ማዕበሉ ሲነሣ ጨው ያለበት ውሃ በድንጋዩ መካከል እየሰረገ ገብቶ አልጋ ልብሱን ያረጥበዋል። የንግሥቲቱ ጡረታ ከሰል ይገዛል እንጂ ግድግዳ አያደርቅም። ሐኪሙ የአጎቴን ደረት ካዳመጠ በኋላ ወደ ውጭ ጠራኝና፣ «ግሪዘል፣ ደረቅ ክፍል ካላገኘ ይኼን ብርድ አይወጣም» አለኝ። ነገሩን ያለ ማለሳለስ ስለ ነገረኝ አመሰገንኩት። ብዙ ሰው ለሴት ሲናገር እውነቱን በማር ለውሶ ነው የሚያቀርበው።

በዚያው መኸር የመንደሩ ወንዶች ማታ ማታ የሚሰለፉበት የበጎ ፈቃድ ጦር መለማመጃ አዳራሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተሠርቶ አለቀ። በስተኋላው ለጠባቂው የተዘጋጀ ክፍል አለ፦ ወለሉ ጣውላ፣ ምድጃው ብረት፣ መስኮቱም ለባሕሩ ጀርባውን የሰጠ። የምረቃው ዕለት የመንደሩ ልጃገረዶች ካፒቴኑን ሲያዩ እኔ ምድጃውን አየሁ። አጎቴን በጠባቂነት እዚያ ካስገባሁ እሱ ይድናል፣ እኔም እወጣለሁ፤ ፎርዳይክ ከተማ ባለው ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ትፈለጋለች ተብሎ ሄጄ ተፈትኜ፣ ከበረዶው በኋላ ነዪ ተብዬ ነበር። የታመመ ሰው ውሃ በሚያፈስ ቤት ጥዬ ግን አልሄድም።

የጠባቂውን ነገር የሚወስኑት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የበጎ ፈቃድ ጦሩ አዛዥ ካፒቴን ሎሪመር ነው፤ ጦርነትን በሥዕል የሚያውቅ፣ ደስ የሚል፣ ባዶ ሰው። ሁለተኛው ቄስ ፔትሪ ናቸው፤ መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ ሲሰጡም የመጠጥ ጠብታ እንዳይገባበት ብለው ነው የሰጡት። ሦስተኛው ሚስተር ጎርሊ፣ ገመድ ሠሪውና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ከአጎቴ ጋር አብሮ ያደገ፣ ሲስቅ ያየሁት ሌላ ሰው ሲወድቅ ብቻ ነው።

አጎቴ ለጥያቄ በተጠራበት ቀን ኮቱን እየቦረሽኩለት፣ «አጎቴ፣ በደንብ ተናገር። እንደ ልማድህ በግማሽ ቃል አትመልስ» አልኩት።

«ምን ብዬ ልናገር?»

«የሠራኸውን ነዋ!»

«የሠራሁትን ከነገርኳቸውማ ክፍሉ ቀረ።»

የወታደር ትሕትና መስሎኝ ሳቅኩ።

አዳራሹ ገና የቀለም ሽታ ነበረው። ሲያስለው የሚደግፈው ሰው ያስፈልገዋል ብዬ እኔም ገብቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ካፒቴኑ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠው።

«ሳጅን ኢምሪ! ምነው መስቀሉን አላደረጉትም?»

«ረሳሁት ጌታዬ።»

«እንዴት ይረሳል? እኔ ብሆን እንቅልፌንም ከሱ ጋር ነበር የምተኛው። እዚህ በር ላይ አድርገውት ሲቆሙ ወጣቶቹ ያዩታል፤ እዚያ ግድግዳ ላይም ሥዕሉን እንሰቅላለን።»

«መስቀል?» አለ ሚስተር ጎርሊ፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን መስቀልና ሻማ የካቶሊክ ነገር ነው። «በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ መስቀል ልትሰቅሉ?»

«የንግሥቲቱ ኒሻን ነው እኮ።»

«የማንም ይሁን። ዛሬ መስቀል፣ ነገ ሻማ፣ ከነገ ወዲያ የሮማው ጳጳስ ራሱ መጥቶ ይቀመጥልሃል።»

ቄስ ፔትሪ እጃቸውን አንሥተው ሁለቱንም ጸጥ አሰኙ። ለስለስ ያሉ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ሳጅን ኢምሪ፣ ይህን ክብር ያገኙት በምን ሥራዎ እንደሆነ ከራስዎ አንደበት ብንሰማ?»

አጎቴ ወለሉን አየ። ዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት ያን ቀን ብሶበት ነበር።

«በሥራዬ አይደለም» አለ። «ተመርጬ ነው።»

የቄሱ እጅ መነጽሩ ላይ ቀረ።

እኛ ስካርነሶች ከእናታችን ጡት ጋር የምንጠባው ትምህርት አለ፦ ሰው በሥራው አይድንም፤ የሚድነው ዓለም ሳይፈጠር የተመረጠው ብቻ ነው፤ የተመረጠው ማን እንደሆነ ደግሞ አይታወቅም። ስለዚህ ሁላችንም ምናልባት እኔ አልተመረጥኩ ይሆናል እያልን እየፈራን፣ ጎረቤቴማ በርግጥ አልተመረጠም እያልን እየተጽናናን እንኖራለን። በአደባባይ ቆሞ ተመርጫለሁ ያለ ሰው ግን በሕይወቴ አልሰማሁም። ሚስተር ጎርሊ እንኳ አላለም፤ ማሰቡን ያስብ ነበር።

ቄሱ በቀስታ፣ «በሥራዬ አይደለም፣ ተመርጬ ነው» ብለው ደገሙት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ስንት ዓመት ሰበክሁ! እንዲህ ያለ ጥርጥር የሌለበት ምስክርነት...»

«ትዕቢት ነው!» ሚስተር ጎርሊ ጠረጴዛውን መታ። «ዋቲ ኢምሪ! የአባቴን ፖም ስትሰርቅ አውቅሃለሁ! አንተን ማን ነገረህ?»

አጎቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሳሉ ቀደመው። ደግፌው ቆምኩ። ሳሉ እስኪበርድ ሦስቱ በነፍሱ ላይ ይከራከሩ ነበር፤ እሱን የጠየቀው የለም። እኔ ነገሩ ወዲያው ገብቶኛል። አጎቴ አንድ ጊዜ አጫውቶኛል፤ አንድ ሻምበል ጦር እንዳለ የጀገነ ጊዜ ኒሻኑን ማን ይውሰድ የሚለውን ወታደሮቹ ራሳቸው በምርጫ ይወስናሉ፤ እሱንም የመረጡት ጓደኞቹ ናቸው። ያለው ይህን ነው። እዚያ ቆሜ ላርማቸው እችል ነበር። የብረት ምድጃውን አየሁና አፌን ዘጋሁ።

በመጨረሻ ቄሱ አሸነፉ። አጎቴ በሚመጣው ሰንበት በምእመናን ፊት ይመስክር፣ ሰኞ ቁልፉን ይረከብ ተባለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገፋን ነበር። «አጎቴ፣ ምን ብለው እንደ ተረዱህ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል። ከጎርሊ ቀድሜ ገነት ገብቻለሁ። ለዚህ ነው የጮኸው።»

«እንግዲያው እስከ ሰኞ ዝም በል። ሰንበት ዕለት ትንሽ ትስልና ትቀመጣለህ፤ ቀሪውን ቄሱ ራሳቸው ይጨርሱታል። አልዋሸህም፤ መመረጥማ ተመርጠሃል።»

ቆመና አጥር ተደገፈ። «ለምን እንደ መረጡኝ ነግሬሻለሁ?»

«ስለ ጀገንክ ነዋ።»

«ሕንድ አገር ነው፣ በዓመፁ ጊዜ። የማንጎ አጸድ ውስጥ ተከበብን። አጸዱ የሰው ነው፤ ባለቤቶቹ ውጡልን ብለው ነው የሚተኩሱብን። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እተኩስ ነበር። ማክሉር የሚባል ሰው በሩን ብቻውን ይዞ ዋለ። ዶኸርቲ የሚባል አየርላንዳዊ ደግሞ ቁስለኞቹን በጀርባው እየተሸከመ አወጣ። እኔ ከኋላ ተነሥቼ ሜዳውን አቋርጬ ሩም አመጣሁላቸው።»

«ምን?»

«ሩም። የሸንኮራ አረቄ። ትንሽዬ በርሜል። ጠባቂው እኔ ነበርኩ፤ ከጠፋ የምገረፈው እኔ ነኝ። ጥይቱን ከጅራፉ ያነሰ ፈርቼው ነው የሮጥኩት። በኋላ ምረጡ ሲባል የማክሉር ወገን ዶኸርቲን እምቢ አለ፣ አየርላንዶቹ ማክሉርን እምቢ አሉ። ሊፋጁ ሲሉ አንዱ ቀልደኛ፣ ‹ታዲያ ሩሙን ላመጣው ሰው እንስጠዋ› አለ። ሳቁ። ሲስቁ መረጡኝ።»

እኔ አልሳቅሁም። መጠጥ በበሩ እንዳያልፍ ተብሎ የተሠራውን አዳራሽ እያሰብኩ ነበር።

«ማክሉርስ?»

«በዚያው ሰሞን ኮሌራ ወሰደው። ዶኸርቲ ከጦሩ ከወጣ በኋላ ገበያ መሐል ቆቡን ዘርግቶ አገኘሁት። ‹ሰላም፣ ባለ ሩሙ› አለኝ። ቂም የለውም። በዚያን ጊዜ እኔ ሳልፍ መኮንኖች ሳይቀሩ ሰላምታ ይሰጡኝ ነበር።» ከአጥሩ ተላቀቀ። «ነይ እንሂድ፣ ደክሞኛል።»

«ደክሞኛል» ማለት የሱ ጸሎት ነበር። ጧት ሲነሣም ይለዋል።

የቄሱ ሠራተኛ በር ሥር ታዳምጥ ኖሮ በማግሥቱ መንደሩ ሰማ። ሰዎች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የመጡት ዓሣና የአጃ ቂጣ ይዘው ነው፤ ይቀመጣሉ፣ ያዩታል፣ ይሄዳሉ። ቀጥሎ የመጡት ጥያቄ ይዘው መጡ። አንዱ ዓሣ አጥማጅ በሰንበት ዋዜማ መረብ መጣል ኃጢአት መሆኑን እንዲቆርጥለት ፈለገ። አንዲት አሮጊት ጥርሷን ስላመማት እጁን እንዲጭንባት ለመነችው፤ እኛ እንዲህ ያለውን ነገር የካቶሊክ ጥንቆላ ነው ብለን የምንጸየፍ ሰዎች ነን፣ እሷም ራሷ ትጸየፈው ነበር። ጥርስ ግን ሃይማኖት አያውቅም።

አጎቴ ለሁሉም፣ «እንጃ፣ እኔ አላውቅም» ይላል። እነሱ ደግሞ ትሕትናው እያሉ እየተነፈሱ ይወጣሉ። ማታ ማታ ፊቱን ወደ እርጥቡ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እኔ ቀኑን በልቤ እየገፋሁ ሰኞን እጠብቃለሁ።

ዓርብ ኢሶቤል ዋት መጣች። ባሏ ሳንዲ ባለፈው ዓመት ሰክሮ ከወደቡ ድንጋይ ላይ ወድቆ ነው የሞተው። ምንም አልያዘችም። ሻሿንም ሳታወልቅ አጎቴ ፊት ተቀመጠች።

«ዋቲ፣ ሳንዲዬን ከልጅነቱ ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ። ሲዋኝ የሚያህለው አልነበረም።»

«ያን ቀን መዋኘት አቃተው።» እጇን ጭኗ መሐል ከተተች። «ሚስተር ጎርሊ ‹ዛፍ በፍሬው ይታወቃል› ይለኛል። ጠጥቶ ስለሞተ አልተመረጠም ማለቱ ነው። ቄሱን ጠየቅኋቸው፣ ‹ምስጢር ነው› አሉኝ። አንተ ግን ተመርጠሃል፤ የተመረጠ ሰው መሰሉን ያውቃል ይባላል። ብዙ አልጠይቅህም። አዎ ወይም አይደለም በለኝ።»

ከጀርባዋ ቆሜ በራሴ ምልክት ሰጠሁት፦ አዎ በል። ምን ይጎድልበታል? አንዲት ቃል ናት፤ እሷ ትተኛለች፣ እሱም ሰኞ ምድጃው አጠገብ ይተኛል።

አጎቴ አየኝ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። «ኢሶቤል፣ እኔ አላውቅም።»

«አትደብቀኝ።»

«አልደበቅኩሽም።»

«አይደለም ማለት ነው።» ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። «ልትነግረኝ ስለከበደህ ነው። አይደለም ማለትህ ነው። ሲኦል ነው ያለው፣ አንተም አውቀኸዋል፣ ለዚህ ነው ዓይኔን የማታየው...»

«ቆይ፣ ቆይ አንቺ ሴት!» አጎቴ ሲጮህ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እኔን የመረጡኝ ወታደሮች ናቸው! እግዚአብሔር አይደለም። ኒሻኑን ማን ይውሰድ ተባለና እኔን መረጡ። የመረጡኝም ሩም ስላመጣሁላቸው ነው። በቃ። ስለ ሳንዲ የማውቀው አንቺ የምታውቂውን ነው።»

ኢሶቤል ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ሩም?»

«ሩም።»

«መስቀሉን... በሩም?»

«በሩም ነው፣ ምን ላድርግ።»

መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቀና ስትል እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። «ሳንዲ እዚያ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «አንተን ነበር የሚመርጠው!»

አጎቴም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እሷ ናት ጀርባውን የመታችለት። ስትወጣ በር ላይ እጄን ይዛ፣ «ለማንም አልናገርም» አለችኝ። በስካርነስ ‹ለማንም አልናገርም› የሚባል ነገር ከምሳ አያልፍም፤ እሷንም አልፈርድባትም።

በሩን ስዘጋ አጎቴ ቆሞ ነበር። «ኮቴን ስጪኝ።»

«የት ልትሄድ?»

«ሦስቱም አዳራሹ ውስጥ የሰንበቱን ወንበር እየደረደሩ ነው። ከሷ አፍ ከሚሰሙት ከኔ ይስሙ።»

«አጎቴ፣ አትጃጃል!» አልኩት፤ እንዲህ ብዬው አላውቅም። «ሁለት ቀን ዝም ማለት ያቅትሃል? ሐኪሙ ያለኝን አልነገርኩህም። እዚህ ቤት ከከረምክ ትሞታለህ!»

«እሱንማ ሳይነግርሽ አውቄዋለሁ። እሞታለሁ። ሰው ሁሉ የሞተበትን ይዞ እየመጣ እየጠየቀኝ ግን አልሞትም። ዝም ማለቱ ነው ያደከመኝ ግሪዘል። ሳሉ አይደለም።»

ኮቱን ወረወርኩለት። ቀጥዬ አነሣሁና አለበስኩት፤ እጁን ወደ ላይ ማንሣት ስለሚያቅተው።

አዳራሹ ውስጥ ሦስቱም ነበሩ። አጎቴ አልተቀመጠም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግማሽ ቃል ሳይሆን ሙሉውን ተናገረ፦ አጸዱን፣ ማክሉርን፣ ዶኸርቲን፣ በርሜሉን፣ ጅራፉን፣ ሳቁን።

ካፒቴን ሎሪመር በሳቅ ፈረሰ። «ግሩም ነው! ለወጣቶቹ ይኼንኑ ይንገሩልኝ!»

ቄስ ፔትሪ ግን አልሳቁም። የአንድ ልጅ አሻንጉሊት ሲሰበር እንዲያ ያለ ፊት አይቻለሁ። «ሳምንቱን ሙሉ ዝም አሉ፣ ሳጅን።»

«መጀመሪያ ሳል ያዘኝ። ከዚያ ደከመኝ።»

«ስብከቱን ጽፌ ጨርሻለሁ» አሉ ቄሱ፣ ለማንም ሳይሆን። መነጽራቸውን አወለቁና ሳይጠርጉት መልሰው አደረጉት። «አዝናለሁ። ይህ ቤት የቆመው መጠጥን ለመቃወም ነው። ጠባቂው በሩም የተሸለመ ሰው ሊሆን አይችልም። ሕሊናዬ አይፈቅድም።»

«የገባኝ ነገር አለ» ሲል ሚስተር ጎርሊ ተነሣና አጎቴ ፊት ቆመ። «ዋቲ፣ እንግዲያው ተመርጫለሁ አላልክም?»

«በሰው ነው ልል ነበር። አላስጨረስከኝም።»

«ስለዚህ ከኔ የበለጠ የምታውቀው ነገር የለም።»

«ምንም።»

የሽማግሌው ፊት ሲፈታ አየሁ። ከዚያ በፊት የተፈታ ፊቱን አይቼ አላውቅም። «ሳምንቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለ። «የፖም ሌባው ተመርጦ እኔ ከቀረሁ እያልኩ። ሩም ምን አላት! ሩም የታወቀች ኃጢአት ናት፤ የኔም አባት ከዚህ ወደብ ስንቱን በርሜል አሻግሯል። ቄስ፣ ክፍሉ ይሰጠው።»

«ሚስተር ጎርሊ፣ እምቢ ብያለሁ። ስሙ በጠባቂነት አይጻፍም።»

ሽማግሌው አገጩን አከከ። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ፣ ወደ እኔ።

«ይቺስ? አንቺ፣ ትጠጫለሽ?»

«አልጠጣም።»

«ተመርጠሻል?»

«እስካሁን የመረጠኝ የለም» አልኩ።

ካፒቴኑ ሊስቅ ሲል ፊቴን አይቶ ተወው። «እንግዲያው የእሷን ስም ጻፉ» አለ ሚስተር ጎርሊ። «ወለል ታጥባለች፣ ምድጃ ታነዳለች፣ ጠመንጃ ትወለውላለች። አጎቷ አብሯት ቢያድር እንግዳ ነው። እንግዳ መቀበል መጽሐፍም ያዘዘው ነው።»

ቄሱ መነጽራቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አጎቴ ዞሮ አየኝ፤ የፎርዳይኩን ሥራ ነገር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። አንገቱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ፦ ተይ፣ አትቀበዪ ማለቱ ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ሳሉን አፍኖ ይዞታል።

«ሥራው መቼ ይጀመራል?» አልኩ።

ለትምህርት ቤቱ አልመጣም ብዬ የላክሁት ቃል አጭር ነበር። ምክንያት አልሰጠሁም፤ ምክንያት የሚሰጥ ይቅርታ የሚለምን ነው።

አሁን ከሰንበት በቀር በየምሽቱ ወንዶቹ ሁሉ ጭቃቸውን ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ምሽት በሩ ላይ መጥረጊያዬን አጋድሜ ቆምኩ።

«ቦት ጫማ እዚህ ይወልቃል!»

«ሴትዮ» አለ ካፒቴኑ፣ «ወታደር ቦት ጫማውን አያወልቅም።»

«እንግዲያው ወታደር ወለል ያጥባል። ምረጡ።»

 ከኋላ ያለው ዓሣ አጥማጅ ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። በካልሲያቸው ሲሰለፉ የሚያሰሙት ድምፅ የበግ መንጋ በድርቆሽ ላይ እንደሚሄድ ነው፤ ካፒቴኑ ያን ሲሰማ ያመዋል።

ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። አጎቴ ምድጃው አጠገብ እግሩን ዘርግቶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። ትንፋሹ አሁንም ያፏጫል፤ እንደ በፊቱ ግን አይቆራረጥም። ትእዛዝ ሲጮህ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ምንድን ነው?» አለ።

«ወታደሮች ናቸው።»

«በሩን ዝጊልኝ» አለ።

ዘጋሁለት።